የአሰልጣኝ ፊርደውስ ፍርሃት

ፊርደውስ ፈሪ ናት። ይህን ለማወቅ መካነ ሰላም ጥቂት ቀን መሰንበት ይበቃል። ቁመቷን ያየ ግን አያምንም፤ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል፣ እጇን ስትዘረጋ የሱቅ ጣሪያ የምትነካ ሴት ምን ያስፈራታል ይላል። የገበያው ነጋዴዎች "ቁመቷን ለሁለት ሰው፣ ልቧን ለግማሽ ሰው ሰጣት" እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ስትስቅ እንኳ ዓይኗ ከልጆቿ ላይ አይነሳም። ልጆቿ የምትላቸው የወለደቻቸውን አይደለም፤ የከተማውን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ነው።

ሌላ አሰልጣኝ የሚፈራው ተጋጣሚውን ነው። ፊርደውስ የምትፈራው ሜዳው ላይ የቀረውን ጠጠር ነው፣ የሚመጣውን ዝናብ ነው፣ ሚኒባሱንና የሚኒባሱን ሹፌር ነው። አንዷ ካስነጠሰች ልምምድ ይቆማል። አንዷ ካነከሰች ወጌሻ ይጠራል። "ኧረ ምንም አልሆንሁም!" ብላ ብትጮህ ማን ይሰማታል? ወላጆች በዚህ ይወዷታል። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? ከፊርደውስ ጋር የሄደች ልጅ ሙሉ አካሏን ይዛ ትመለሳለች ይላሉ።

ይህን ፍርሃት ከእናቷ ማህፀን ይዛው አልወጣችም። አስተማሪ ነበራት።

ፊርደውስ ኩዌት የሄደችው ገና ልጅ ሳለች፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሯ ልጆች ፓስፖርቷ ላይ ዕድሜ ተጨምሮላት ነው። አሠሪዋ ዓርብ ዓርብ የምታሳርፍ ሴት ሆነችላት። በአንዱ ዓርብ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ፊሊፒናውያን የቤት ሠራተኞች ቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ አጥሩን ይዛ ቆማ ስታይ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ አንድ እግሯን የምትጎትት ሴት መጣች። ከላይ እስከ ታች አየቻትና በተሰባበረ ዐረብኛ "አንቺ ዛፍ፣ ነይ ግቢ" አለቻት። ያቺ ሴት ማሪሴል ነበረች።

ማሪሴል በአገሯ ስም የነበራት ተጫዋች ናት። ለአንድ የዓሣ ፋብሪካ ቡድን ስትጫወት ሰው ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊያያት ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ዘልላ ስትወርድ ጉልበቷ ተበጠሰ። ፋብሪካው አበባ ሰጥቶ አሰናበታት። እሷ ግን ከሜዳ መራቅ አልሆነላትም፤ የሰፈሯን ልጆች ሰብስባ ያለ ደመወዝ አሰልጣኝ ሆነች። ሆድ ደግሞ ቅርጫት ኳስ አያውቅም። በመጨረሻ እሷም እንደ ሌላው ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፣ ኩዌትም ገብታ የሰው ሽንት ቤት ታጥብ ጀመር። ሳምንቱን አጎንብሳ ትገፋውና ዓርብ ሲመጣ ቀና ብላ አሰልጣኝ ትሆናለች። ለፊርደውስ ኳስ መያዝን፣ መቀበልን፣ ሰው ሳይገፉ ቦታ መውሰድን ያስተማረቻት እሷ ናት። ፊርደውስም ውላ አድራ የዚያ የዓርብ ቡድን ምሰሶ ሆነች፤ ፊሊፒናውያኑ ስሟን መጥራት ሲያቅታቸው "ዛፏ" እያሉ ያጨበጭቡላት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የበጋ ወር ጆሴሊን የምትባል ልጅ በጨዋታ መሐል "ራሴን አመመኝ" አለች። ሙቀቱ ድንጋይ ያበስላል። ማሪሴል ሰዓቱን አየች፣ ውጤቱን አየች፣ "ትንሽ ነው የቀረው፣ ጨርሺና ታርፊያለሽ" አለቻት። ጆሴሊን ጨረሰች። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ጥላ ስር ተቀመጠች፣ እንደተቀመጠችም አልተነሳችም። አምቡላንስ ሲመጣ ማሪሴል የሟቿን ጫማ ታቅፋ አስፋልቱ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማሪሴል ሌላ ሰው ሆነች። ጨዋታውን ትታ የተጫዋቾቿን ፊት ማየት ጀመረች። ለፊርደውስ አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፤ "ተጫዋች ከፈራ አይጫወትም። ስለዚህ እነሱ አይፍሩ። አሰልጣኝ ማለት የሁሉንም ፍርሃት ብቻውን የሚሸከም ሰው ነው።" ፊርደውስ ይህን ቃል እንደ ኪታብ አንገቷ ላይ አሰረችው። ወደ አገሯ ተመልሳ የትምህርት ቤቱን ባዶ ሜዳ ስትለምን፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክላ ቀለበት ስታስበይድ፣ ሴት ልጆችን ከየቤቱ ስትሰበስብ ይዛ የመጣችው ኳሱን ብቻ አልነበረም፤ ጆሴሊንንም ይዛት ነው የመጣችው።

አቶ ንጉሡ ልጁን ያመጣት ባለፈው ዓመት ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚያርስ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ልጁ ትህትና ለትምህርት ከተማ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ እግሯ ረጅም፣ እጇ ፈጣን፣ ለኳስ የተፈጠረች ልጅ። አባትየው ፊርደውስን ከሜዳው ጥግ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልጄ፣ ትህትና ስኳር በሽታ አለባት። መርፌዋን ራሷ ትወጋለች። ይህን የምናውቀው አንቺና እኛ ቤት ብቻ ነን።"

ፊርደውስ ወደ ኋላ ሸሸች። "ጋሽ ንጉሡ፣ እንግዲያውስ ትቅርብኝ። በአላህ፣ እኔ ይህን አልችልም።"

"እኔም ይቅርብሽ ብያት ነበር። ኳሱን ከከለከላችሁኝ መርፌውንም አልወጋም ብላ አስጨነቀችን።" አቶ ንጉሡ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈ። "ስለ አንቺ ሰው ጠየቅሁ። ፈሪ ናት አሉኝ። እንዲያ ከሆነማ ለሷ ነው የምሰጣት አልሁ። አማናዬ ናት፣ ተቀበይኝ።"

አቶ ንጉሡ ማተቡን ያሰረ ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ላይ ግን ነገሩ ሲጠብቅ አደራም አማና ይባላል። አማና የተባለችን ልጅ አልቀበልም የሚል አንደበት ፊርደውስ አልነበራትም።

"ደግሞ ለጓደኞቿ እንዳትነግሪብኝ" አላት ሊሄድ ሲል። "ሴት ልጅ ናት። በሽተኛ የሚል ስም ከወጣባት ነገ ማን ይወስዳታል?"

ፊርደውስ ምላሷን ቆለፈች። ዓመቱን ሙሉ ከረሜላ በኪሷ ይዛ ዞረች። ትህትናን ካላላባት አላላባትም ብላ፣ ካላባት ደግሞ አላባት ብላ ትደነግጣለች። ከልምምድ በፊት ጥግ ወስዳ ብስኩት ታበላታለች። ሌሎቹ ተጫዋቾች ምኑንም አያውቁምና "የኮች ሙሽራ" የሚል ስም አወጡላት። ትህትና ስቃ ታልፋለች። ስም ግን እሾህ ነው፤ ቢስቁበትም ይወጋል።

በዚህ ዓመት ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ። ሙስሊሙ ረመዳንን፣ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን ያዘ፤ ከተማው ቀን ቀን ጭር ብሎ ዋለ። ከወግዲ ጋር የሚደረገው የመጨረሻ ጨዋታም እዚሁ ውስጥ ወደቀ፤ ያሸነፈ ደሴ ይሄዳል ተባለ። ፊርደውስ ቢሮ ለቢሮ ዞራ "ልጆቹ ጾመኞች ናቸው፣ ይራዘምልን" ብትል "ወግዲዎችስ መች በሉ?" ብለው መለሷት። እውነታቸውን ነው፣ ምን ትበል።

የጨዋታው ዕለት፣ ሐሙስ ጠዋት ገና ሲነጋ ትህትና ቤት ሄደች። ልጅቱ ሆዷን ገልጣ መርፌዋን ስትወጋ አጠገቧ ቆማ በዓይኗ አየች። የትህትና የነፍስ አባት በሽተኛ ናትና አትጹሚ ብለው ፈትተዋታል፤ ፊርደውስ ይህንንም አቶ ንጉሡን ደጋግማ ጠይቃ አረጋግጣለች። ዳቦ በፌስታል ሰጠቻት። ሹፌሩ ሳዲቅ ውጭ ጥሩምባውን ያስጮኸዋል።

"እዚሁ ብይ።"

"ኮች፣ ሰው እየጠበቀን ነው። መኪና ውስጥ እበላዋለሁ።"

"ወላሂ በይ።"

"ኧረ እበላለሁ!" ብላ ሳቀች ትህትና።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት በዚህ ዘመን ከመካነ ሰላም ወግዲ መሄድ ለማንም ቀላል አይደለም፤ ለፊርደውስማ ሞት ነው። ከፊት ወንበር ተቀምጣ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ኩርባው ላይ የቆመ ሰው ባየች ቁጥር ልቧ ይወርዳል፤ ሲቀርቡት ገበሬ ይሆናል። ፍተሻ ላይ መታወቂያ የሚያየው ልጅ ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ትንፋሿን ያዘች። ገደሉ ዳር ሳዲቅ በአንድ እጁ ሲነዳ "በሁለቱ ያዘው!" ብላ ጮኸችበት። "አብሽሪ ኮች፣ መሪው አይሸሽም" አላት። ከኋላ ልጆቹ ይዘፍናሉ። በመስታወቱ ስታይ የትህትና አፍ ይንቀሳቀሳል፤ እየበላች ነው ብላ ጥቂት ተነፈሰች። ልጅቱ እንደ ሌሎቹ እየዘፈነች እንደነበር የገባት ኋላ ነው። ዳቦው ወንበሩ ስር ነበር።

በየፍተሻው ሲቆሙ ስለዋሉ ወግዲ ሲደርሱ ቀኑ ገፍቶ ነበር። ፊርደውስ ትህትናንና አበቡን አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አስገብታ ሽሮ አዘዘችላቸው። አበቡም ክርስቲያን ናት፣ ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ደርሷል። ሽሮው እየተንተከተከ እንደመጣ ዳኛው ፊርደውስን አስጠራት። ጾመኛ ሆና ምግብ ላይ ዓይኗን ተክላ መቀመጡም ከብዷት ነበርና "ጨርሱት" ብላ ወጣች። ስትመለስ ሳህኑ ተጠርጓል። አልሐምዱሊላህ አለች። ጠርጥር ከገንፎም ይገኛል ስንጥር የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ስንት ከንቱ ነገር ስትጠረጥር የኖረች ሴት ያንን ባዶ ሳህን ሳትጠረጥረው ቀረች።

ጨዋታው ተጀመረ። ወግዲዎች ጉልበተኞች ናቸው፤ ሕዝባቸው አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይጮኻል። አምበሏ ሩቂያና ተከላካይዋ ዘይነባ ከሌሊት ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ፊርደውስ ዓይኗን እነሱ ላይ ጣለች። ሩቂያ ከንፈሯን ስትልስ ታስወጣታለች፤ ታሳርፋታለች። ዘይነባ ወገቧን ስትይዝ ታስወጣታለች። አበቡም ቀጭን ናትና ታሳርፋታለች። ማሪሴል እንዳስተማረቻት ፊት እያነበበች፣ የአንዷን ድካም በሌላዋ እየሸፈነች ጨዋታውን ያዘች። ትህትናን ብቻ አላስወጣችም። መርፌዋን ወግታለች፣ ዳቦዋን በልታለች፣ ሽሮዋን ጠርጋለች፤ ከሁሉም የምትችለው እሷ ናት።

ትህትናም ቻለች። ሮጠች፣ ዘለለች፣ አስቆጠረች። የወግዲ ሰዎች ሳይቀሩ "ኧረ ይህች ልጅ!" አሉላት። ከዕረፍት በኋላ ግን ነገሯ ተለወጠ። ኳስ ስትቀበል እጇ ይንቀጠቀጣል። አበቡ ጠርታት ዞር ሳትል ቀረች። ሸሚዟ ከውኃ የወጣ ይመስላል። ፊርደውስ ይህን አላየችም ማለት አይቻልም፤ አይታዋለች። ሙቀት ነው፣ ሩጫ ነው አለች። የፈራችው ጾመኞቹን ነበርና ዓይኗ ተመልሶ ሩቂያ ላይ ሄደ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ትህትና ኳስ ይዛ መሐል ሜዳ ላይ ቆመች። ዙሪያዋን አየች። ፈገግ አለች። ከዚያ ኳሱን ለወግዲዋ ተጫዋች፣ እንደ ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ፣ አቀበለቻት። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

"ምን ነካሽ! ነቃ በይ እንጂ!" ፊርደውስ ጮኸችባት። ተጫዋች ላይ ጮኻ አታውቅም። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት።

ትህትና ወደ ድምፁ ዞረች፤ ዓይኗ ግን ፊርደውስ ላይ አላረፈም። ከኋላዋ ያለ ሰው የምትፈልግ ትመስል ነበር። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ቀጥሎም በጎኗ ወደቀች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፊርደውስ እንዴት እዚያ እንደደረሰች አታስታውስም። የልጅቱን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች፣ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታለች፣ እጇ እምቢ ብሏት ወረቀቱን በጥርሷ ትቀድዳለች። ትህትና ጥርሷን ነክሳለች። ፊርደውስ ጣቷን ልታስገባ ስትል ልጅቱ ፊቷን አዞረች፣ ከነከሰችው ጥርስ መሐል አንድ ነገር አጉተመተመች።

"አዛን... አላለም..."

"ምን አለች?" ፊርደውስ ቀና ብላ ልጆቹን አየቻቸው። "ምን አለች? የምን አዛን? ይህች ልጅ ክርስቲያን አይደለችም ወይ?"

ሩቂያ ፊቷ አመድ ሆነ። "ተማምለን ነው፣ ኮች። እናሸንፍ ብለን ሁላችንም ፀሐይ ገብታ መግሪብ አዛን እስኪል ውኃ ላንቀምስ ተማምለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም።"

"እሷ በልታለች! ሽሮ..."

"በፌስታል አስረነዋል" አለች አበቡ፣ እያለቀሰች። "ለማታ ብለን።"

ፊርደውስ የተከለከለችውን ተናገረች። "ስኳር አለባት! ስኳር በሽታ አለባት፣ መርፌ ወግታለች፣ ካልበላች ትሞትብኛለች!"

ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ስኳር በጣሳ ይዛ እየሮጠች መጣች። ፊርደውስ ስኳሩን ውኃ አስነክታ ወደ አፏ ብታስጠጋ ትህትና ጥርሷን አትፈታም፤ አእምሮዋ ሄዶ መሐላው ብቻ ቀርቷል። "ትህትና፣ በማርያም! በአባትሽ!" ትላለች ፊርደውስ። ሰውነቷ በእጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው። ጆሴሊን እንዲህ ነበረች። ልክ እንዲህ።

ሩቂያ ያኔ ተንበረከከች። ሌሊት ለሶላት ስትነሳ እህቶቿን ሳታስነሳ የማታልፍ፣ አምና ትኩሳት ይዟት እንኳ አላፈጥርም ብላ ቤተሰቧን ያስቸገረች ልጅ ናት። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሩቂያ ከጣሳው እፍኝ ስኳር አንስታ አፏ ውስጥ ጨመረችው። በትህትና ጆሮ ስር አፏን አድርጋ፣ ስኳሩ ከከንፈሯ እየረገፈ፣ ጮኸች።

"ትህትና! ስሚኝ፣ በልቻለሁ! እኔ ሩቂያ ነኝ፣ በልቻለሁ! መሐላው ፈርሷል፣ እኔ ነኝ ያፈረስሁት፣ በኔ ነው!"

ዘይነባም ኮዳውን አንስታ ጠጣች። አበቡም ጠጣች። "ሁላችንም ጠጥተናል፣ ያንቺ ብቻ ነው የቀረው!" አሏት። አንድ ነገር በዚያ ጨለማ ውስጥ ደርሷት መሆን አለበት፤ የትህትና መንጋጋ ላላ። ፊርደውስ ስኳሩን በጣቷ ድዷ ላይ፣ ጉንጯ ውስጥ ቀባችላት። ቀባችላት፣ ደግማ ቀባችላት፣ ልጅቱ እስክትውጥ።

ሰዎች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አስገቧት። ሁዜይፋ የሚባል ወጣት ነርስ ግሉኮስ ሰካላትና ደረቷን አዳመጠ። "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና የፊርደውስን ፊት አይቶ ተወው። የትህትና ዓይን ሲገለጥ ሰውም ሲለይ ፊርደውስ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ጨዋታውን ማን እንዳሸነፈ የጠየቀም የነገራትም የለም።

ውጭ ሩቂያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አዛኑ ያኔ አለ። ጾሟን ለመጨረስ ጥቂት ነበር የቀራት።

"አብሽሪ" አለቻት ፊርደውስ አጠገቧ ቁጭ ብላ። "ነፍስ ነው ያዳንሽው። ቀዷውን በሌላ ቀን ጾመሽ ታወጪዋለሽ።"

"ለጾሙ አይደለም የማለቅሰው።" ሩቂያ ቀና ብላ በቁጣ አየቻት። "ለምን አልነገርሽንም? የኮች ሙሽራ እያልን ስናሾፍባት ዓመት ሙሉ ትሰሚ ነበር። መሐላውን ከሁሉ ቀድማ እሺ ያለችው እሷ ናት። ለብቻዋ የምትበላ መባሉ መርሯት። ብትነግሪን ኖሮ እኔ አስምላታለሁ ወይ?"

ፊርደውስ አባትየው አትንገሪ ብለውኝ ነው ልትል አስባ ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ ቀለለባት። እውነቱን ለመናገር፣ ምስጢሩን ለብቻዋ መያዙ ደስ ይላት ነበር። ማሪሴል የሁሉንም ፍርሃት ብቻሽን ተሸከሚ አላለቻትም? ብቻዋን ስትሸከም ነው እንግዲህ ልጅቱ ከእጇ ልታመልጥ የነበረው።

ሩቂያን ይዛ ተመልሳ ገባች። ዘይነባና አበቡ አልጋው ግርጌ ቆመዋል። ትህትና ከንፈሯ ደርቆ፣ መርፌ የተሰካበት እጇ ደረቷ ላይ አርፏል።

"ለምን ዋሸሽኝ?" አለቻት ፊርደውስ። ልትቆጣ ነበር፣ ድምጿ ግን ተሰበረ።

"አፉ በይኝ፣ ኮች። ስትፈሪ ማየት አልወድም።" ትህትና በዝግታ ነው የምትናገረው። "ስትፈሪ ፊትሽ ይጠቁራል። ያኔ እኛ የገደልንሽ ይመስለናል። ስለዚህ ሁላችንም እንደብቅሻለን። ሲያመንም፣ ሲያዞረንም። የዘይነባ ጣት ከተሰበረ እኮ ከርሟል።"

"ትህትና!" አለች ዘይነባ፣ ቀኝ እጇንም ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

ፊርደውስ እስካሁን ፍርሃትን የምታውቀው መስሏት ነበር። ድንጋዩን፣ ገደሉን፣ ጠመንጃውን ስትጠብቅ፣ ልጆቹ እሷን እየጠበቁ ኖረዋል። ፊቷን ያነቡ ነበር፣ እሷ የእነሱን እንደምታነብ። ሌላስ ምን አለ? ማንኛዋ ደረቷን ያማታል? ማንኛዋ ወድቃ ተነስታለች? አንዱንም አታውቅም።

ስልኳ ጮኸ። አቶ ንጉሡ ነው።

ትህትና ስሙን አይታ ነጻ እጇን አነሳችና አወዛወዘች፤ አትንገሪው ማለቷ ነው። ካወቀ ኳስ እዚህ ላይ አበቃ። ዓይኗ ይለምናል።

"እንደምን ዋላችሁ ልጄ?" አለ አቶ ንጉሡ። "እንደው ዛሬ ከረፋዱ ጀምሮ ልቤ ፈርቶ ዋለ። ሰላም ናችሁ?"

"ሰላም ነን፣ ጋሽ ንጉ..." ፊርደውስ ቃሏን አቋረጠች። ቃሉ እንዴት ቀሎ እንደወጣ ገረማት። ሽማግሌው እንዳይደነግጥ፣ ሌሊቱን በሰላም እንዲያድር ነበር። ልጆቹም ሲዋሿት እንዲህ ቀሏቸው ነበር ማለት ነው።

"አይደለንም" አለች። "ጋሽ ንጉሡ፣ አማናዎን አልጠበቅሁም። ትህትና ዛሬ ልትሞትብኝ ነበር።"

ትህትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፊርደውስ ሳትቆም ነገረችው፤ መርፌውን፣ ዳቦውን፣ ባዶውን ሳህን፣ የጮኸችባትን ጩኸት። ስኳር የሚለውን ቃልም በሰው ፊት እንደተናገረች፣ ከእንግዲህም ከቡድኑ ምንም እንደማትደብቅ ነገረችው። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል። ሰውየው ደጅ ቆሟል።

"አሁን ትተነፍሳለች?"

"ትተነፍሳለች። በልታለች።"

"ነገ መንገዱ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።"

"ሊወስዱብኝ ነው?"

"አላውቅም። መጀመሪያ ልያት" አለና ዘጋው።

ፊርደውስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ነገ የሚሆነውን ፈራችው፤ እስኪነጋም ስትፈራው እንደምታድር ታውቃለች። ትህትና ፊቷን ከግድግዳው አልመለሰችም። ዘይነባ አሁንም እጇን ወደ ኋላ እንዳደረገች ቆማለች።

"ዘይነባ፣ አሳዪኝ።"

ዘይነባ አልተነቃነቀችም። መጀመሪያ ያየችው የፊርደውስን ፊት ነው፤ እንደ ሰማይ፣ ዝናብ ይጥል አይጥል እንደሆነ። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ወደፊት አመጣች። የቀለበት ጣቷ ከመሐል ጎብጦ፣ ጎብጦም ደርቆ ነበር። ፊርደውስ ጣቱን በመዳፏ ያዘችው፣ ፊቷ እንዳይጠቁርም ባላት ኃይል ሁሉ ታገለች።